ጠይም ፊትና ነጭ ሸማ፤ የፎቶግራፍን ብርሃንና ቀለም ስለ ማስተካከል

የቤተ ሰብ ታሪክ ከሚጠበቅባቸው ነገሮች አንዱ ፎቶግራፍ ነው። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ንብረትና ጌጥ በጊዜ ብዛት ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ የአያት መልክ ግን በወረቀት ላይ በደኅና ከተቀመጠ፥ በሕይወት ሳሉ ያላዩአቸው የልጅ ልጆች እንኳ «ይህ ግንባር ለማን ወጣ? ይህስ ዐይን የማን ነው?» እየተባባሉ ዘራቸውን ያውቁበታል። ስለዚህ የፎቶግራፍን ብርሃንና ቀለም ማስተካከል ፈጽሞ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ፥ ሥራውን በእጁ ባይሠራው እንኳ፥ መልካሙን ከመጥፎው ለመለየት የሚበቃ ዕውቀት ሊኖረው ይገባል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ አንድ ነገር ነው። አክስቴ በአዲስ ከተማ፥ ከመርካቶ አጠገብ ባለው በአማኑኤል ሰፈር ለብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 28 ቀን፥ የአማኑኤል በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ የሀገር ልብሳቸውን ለብሰው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይውሉ ነበር። በመጨረሻው ዓመት የወንድሜ ልጅ ካሜራውን ይዞ አብሯቸው ሄዶ ነበርና ከበሩ ውጭ አቁሞ አንድ ፎቶግራፍ አነሣቸው። ጊዜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን ፀሓዩ በርትቶ ነበር። በካሜራው መስኮት ሲታይ ሸማው እንደ ወተት ነጥቶ አማረ፤ ፊታቸው ግን ጨልሞ የዐይናቸው ብርሃን እንኳ በጭንቅ ይታይ ነበር። «እኔን ትተህ ነጠላዬን አነሣህ እንዴ?» ብለው ሳቁበት።

አክስቴ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ለአርባቸው ትልቅ ፎቶግራፍ እንዲዘጋጅ ታሰበና ያ ሥዕል ወደ አንድ ፎቶ ቤት ተላከ። ሠራተኛውም በቅን ልቡና ፊታቸውን ለማሳየት ብሎ ሥዕሉን በሙሉ አበራው፤ ቆዳቸውንም አለሰለሰው። ታትሞ በመጣ ጊዜ የነጠላው ጥለት ደብዝዞ፥ የጥጡ ድር በነጭ ጠፍቶ፥ ፊታቸውም ነጣ ብሎ ወደ ሮዝ ያደላ ሆኖ ተገኘ። ታላቅ ወንድማቸው ምስሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ፥ «እኅቴ ጠይም ነበረች፤ ይህችን ሴትዮ አላውቃትም» አሉና መለሱት። በቤቱ የነበርን ሁሉ የምንመልሰው ቃል አጣን።

ስሕተቱ ከወዴት መጣ? እንዴትስ ሊቃና ይችላል? ነገሩን በየተራው እንመልከት።

ዐይንና ካሜራ

ሰው ነጭ ሸማንና ጠይም ፊትን በአንድነት ሲያይ ሁለቱንም አጥርቶ ያያል፤ ዐይናችን ከብርሃን ወደ ጥላ በተዘዋወረ ቍጥር ራሱን ያስተካክላልና። ካሜራ ግን ለመላው ሥዕል የሚወስደው የብርሃን መጠን አንድ ብቻ ነው። ንጹሕ ነጭ ጥጥ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶው ሰማንያ እጅ ያህሉን ይመልሳል፤ ጠቆር ያለ ፊት ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ከመቶው ዐሥር እጅ ገደማ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰው ላይ፥ በልብሱና በፊቱ መካከል፥ የስምንት እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው። የካሜራው መለኪያ ደግሞ በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደመር መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ የሚገምት መሣሪያ ስለ ሆነ፥ ነጭ ልብስ የበዛበትን ሥዕል ሲያገኝ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ልብሱ በዚህ ሲድን ፊቱ ይጨልማል።

ይህ ችግር የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም፤ ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፊልም ለሚያጥቡና ለሚያትሙ ቤቶች የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ያለበት መለኪያ ካርድ ያድል ነበር። ካርዱ «ሸርሊ» ይባል ነበርና የማተሚያ መሣሪያው ሁሉ የሚቃናው የእርሷ ፊት እስኪያምር ድረስ ነበር። ስለዚህ ጠይምና ጥቁር ሰዎች ከነጮች ጋራ ባንድነት ሲነሡ መልካቸው በጨለማ ይዋጥ ነበር። የኮዳክ ባለሙያዎች ኋላ እንደ ተናገሩት፥ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን በደንብ እንዲለይ ብርቱ ግፊት ያደረጉት ቸኮላታቸውና እንጨታቸው በማስታወቂያ ላይ አልለይ ያላቸው የቸኮላትና የቤት ዕቃ ነጋዴዎች ነበሩ። ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሴቶች የሚታዩበት ካርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።

በሀገራችን ግን ከጥንት ጀምሮ ጠይሙን ፊትና ነጩን ሸማ በአንድ ሥዕል ማስታረቅ የፎቶግራፍ አንሺው ዋና ፈተና ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፥ ከእርሳቸውም በኋላ ሙያውን የወረሱት ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፥ ሲሠሩ የኖሩት ይህንኑ መልክና ይህንኑ ልብስ ነው። በዚያ ዘመን ማስተካከያው የመስኮት ብርሃን፥ የመጋረጃ ጥላ፥ የጨለማ ክፍልና ትዕግሥት ነበር። ዛሬ ይህ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር መርሐ ግብር ገብቷል።

ሊጡና እንጀራው

አሁን ያሉት ደኅና ካሜራዎች፥ አንዳንድ የእጅ ስልኮችም ጭምር፥ ሥዕልን በሁለት መንገድ ያስቀምጣሉ። አንደኛው «ጄፔግ» የሚባለው ነው፤ ይህ ካሜራው ራሱ ብርሃኑንና ቀለሙን ወስኖ፥ አላስፈላጊ የመሰለውን ጥሎ፥ አብስሎ የሚሰጠን ሥዕል ነው። ሁለተኛው «ሮው» ይባላል፤ ትርጓሜው ጥሬ ማለት ነው፤ ካሜራው ከብርሃን የተቀበለውን ሁሉ ሳያበስል የሚያስረክበን ነው። ለእመቤቶች በሚቀርብ ምሳሌ ብንናገር፥ ጥሬው ሥዕል ሊጥ ነው፤ ጄፔጉ ደግሞ ከምጣድ የወጣ እንጀራ ነው። ሊጡ ቢወፍር ውሃ ይጨመርበታል፤ ቢቀጥንም መላ አይጠፋለትም። እንጀራው ከተጋገረ በኋላ ግን ሊታረም የሚችለው ጥቂት ነው።

ልዩነቱ በቍጥርም ይታወቃል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ዋና ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት፥ ባለ 14 ቢት ጥሬ ሥዕል 16,384 ደረጃዎች አሉት። ነገር ግን እነዚህ ደረጃዎች ለብሩሁና ለጨለማው እኩል አልተከፈሉም። ከግማሽ በላይ ለደመቀው ክፍል ብቻ 8,192 ደረጃዎች ሲውሉ፥ ለቀጣዩ እርከን 4,096፥ ለሚከተለውም 2,048 እያለ ይቀንሳል። ጨለማን አብዝቶ ለማንሣት የሚሞክር ሰው እንደ አሸዋ የተበተነ ነጠብጣብ የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። በሌላ ወገን ሸማው ከልክ በላይ በርቶ ደረጃው ከሞላ፥ የድሩና የጥለቱ ምልክት ፈጽሞ አልተመዘገበምና ምንም ዓይነት ጥበብ አይመልሰውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው። ስለዚህ በጥሬ ሥዕል የሚሠራ ሰው ሲያነሣ ለሸማው ይጠንቀቅ፤ ፊቱን ግን በኋላ በልክ ሊያነሣው ይችላል። የወንድሜም ልጅ ሥዕሉን በጥሬው አስቀምጦት ኖሮ ነገሩ ሊቃና ቻለ።

ስለ ብርሃን መስመር

በእነዚህ መርሐ ግብሮች ውስጥ ከሁሉ የሚልቀው መሣሪያ ባለሙያዎች «ቶን ከርቭ» የሚሉት፥ እኛ የብርሃን መስመር ብንለው የሚስማማው ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890 ሁርተርና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች፥ በእንግሊዝ ሀገር ሲሠሩ፥ የፎቶግራፍ መስተዋት ለተቀበለው ብርሃን ምን ያህል እንደሚጠቍር ለክተው በመስመር ሣሉት። መስመሩ ከታች ዝግ ብሎ ይነሣል፥ ከመካከል ቀጥ ብሎ ይወጣል፥ ከላይ ደግሞ ጐንበስ ይላል። የታችኛው «እግር»፥ የላይኛው «ትከሻ» ተባለ። ዛሬ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የምናየው መስመር የዚያ ልጅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ከግርጌው ግራ ጥግ ወደ ራስጌው ቀኝ ጥግ ሰያፍ መስመር ተዘርግቷል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚቈጠረው ሥዕሉ አስቀድሞ የነበረው ብርሃን ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚቈጠረው ደግሞ እንዲኖረው የምንፈልገው ብርሃን ነው። መስመሩ ቀጥ ካለ ምንም አልተለወጠም። አንዱን ነጥብ ይዘን ብናነሣው በዚያ ደረጃ ያለው ሁሉ ይበራል፤ ብናወርደው ይጨልማል። መታወቅ ያለበት ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ መስመሩ በቆመበት ስፍራ ልዩነት ይጨምራል፤ በተኛበት ስፍራ ልዩነት ይጠፋል። ወደ ታች ተመልሶ ከወረደ ደግሞ ብሩሁ ጨለማ፥ ጨለማውም ብሩህ እየሆነ ሥዕሉ ይበላሻል።

ፎቶ ቤቱ ሥዕሉን በሙሉ ባበራው ጊዜ ፊቱን ሲያነሣ ሸማውንም አብሮ ገፍቶ ከጣራው አጋጨው። የወንድሜ ልጅ ግን አስቀድሞ በመስመሩ ላይ ሁለት ችካል ተከለ፤ አንዱን ከላይ በሸማው ደረጃ፥ አንዱን ከታች በጠጕራቸውና በጥላው ደረጃ። ሁለቱ እንዳይናወጡ ካሰረ በኋላ በመካከላቸው፥ በፊታቸው ደረጃ፥ ሦስተኛ ነጥብ አድርጎ በጥቂቱ ብቻ አነሣ። ያን ጊዜ የግንባራቸው መስመር፥ የጉንጫቸው አጥንት፥ በዐይናቸው ዙሪያ ያለው የሣቅ ሽብሽብ አንድ በአንድ ወጣ፤ ሸማውም በስፍራው ቀረ። ከዚያ በላይ ሊያነሣ ሲል፥ ከፊቱና ከሸማው መካከል ያለው መስመር እየተኛ ሄዶ የነጠላው እጥፋት ደበዘዘበትና መልሶ ዝቅ አደረገው። ከአንዱ ስፍራ የሚጨመር ብርሃን ከሌላው ስፍራ ልዩነትን የሚቀንስ መሆኑን በዚህ ዐወቅን።

ስለ ቀለም

ቀለምን ለማቅናት ከሁሉ አስቀድሞ የነጭ ሚዛን ይስተካከላል፤ ይህም ብርሃኑ ራሱ ምን ቀለም እንደ ነበረው ለመርሐ ግብሩ መንገር ነው። ብርሃን ሁሉ አንድ አይደለም፤ የጧፍ ብርሃን በኬልቪን መለኪያ 1,900 ገደማ ሆኖ ወደ ቀይ ብርቱካን ያደላል፤ የቀትር ፀሓይ 5,500 ገደማ ነው፤ በጥላ ያለ ብርሃን ግን 7,000 አልፎ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ብዙዎች ነጠላውን አመልክተው «ነጩ ይህ ነው» ይላሉ፤ ነገር ግን የእጅ ፈትል ጥጥ በተፈጥሮው ወደ ወተት የሚያደላ ነው፤ በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ ልብስ ደግሞ ማንጪያ ቅመም ስላለበት ሰማያዊ ይተፋል። ከልክ በላይ የበራ ነጭም ለሚዛን አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው በማንሣት ጊዜ ግራጫ መለኪያ ካርድ በሰውየው አጠገብ አንድ ጊዜ ማንሣት ነው።

በመርካቶና በአማኑኤል አካባቢ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከየሱቁና ከየመደቡ በላይ የተወጠረው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሸራ በእርሱ ሥር በሚቆመው ሰው ፊት ላይ ቀለሙን ይጥላል። በአክስቴም ፎቶግራፍ የቀኝ ጉንጫቸው በፀሓይ ሲበራ፥ የግራው በአንድ ነጋዴ ሰማያዊ ሸራ ተነክቶ ነበር። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት የብርሃኑ መስመር ለቀይ፥ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻው የተሠራ መሆኑ ነው። ሰማያዊውን ሲቀንሱት ቢጫ ይጨምራል፤ አረንጓዴውን ሲቀንሱት ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ቀዩን ሲቀንሱት ወደ ውሃ ሰማያዊ ያደላል። የወንድሜ ልጅ የግራውን ጉንጭ ብቻ ለይቶ ሰማያዊውን ከመካከለኛው ደረጃ ላይ በጥቂቱ ዝቅ አደረገለትና ሁለቱ ጉንጮች የአንድ ሰው ሆኑ።

አንድ ነገር ደግሞ አይዘነጋ። የብርሃኑ መስመር ለሦስቱ ቀለሞች ባንድነት ሲቆም ብርሃንን ብቻ ሳይሆን የቀለምንም ድምቀት ይጨምራል፤ ጠይሙም ፊት ብርቱካን ይመስላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ድምቀቱን በጥቂቱ መቀነስ ይገባል። ቀይ ጥለት ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ሞልቶ ስለሚፈስ፥ የጥለቱ ጥበብ ገና እየታየ መሆኑን አጉልቶ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ማንጣት ፈተና

አሁን ወደ ነገሩ ዋና ፍሬ ደርሰናል። የሰው ሁሉ ቆዳ፥ የጥቁሩም የቀዩም፥ በቀለም አከፋፈል ከብርቱካን ወገን የሚቈጠር ነው፤ የሚለያየው በአብዛኛው በብርሃኑና በድምቀቱ መጠን ነው። ስለዚህ በመርሐ ግብሩ ውስጥ የብርቱካንን ብርሃን የሚጨምረውን መቈጣጠሪያ አንድ ጣት ያህል መግፋት ጠይሙን ሰው ቀይ ለማድረግ ይበቃል። ነገሩ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ብዙዎች «አሳመርነው» እያሉ ያደርጉታል። ነገር ግን ቋንቋችን ጥቁር፥ ጠይም፥ የቀይ ዳማ፥ ቀይ እያለ መልክን በየስሙ ለይቶ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ውበት አለውና። ፊትን ከጥላ ማውጣትና ፊትን ማንጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ያለውን ያሳያል፤ ሁለተኛው ያልነበረውን ይፈጥራል።

ለሥነ ጥበብ የሚሠራ ሰው ቀለምን እንደ ፈቀደው የመጠቀም ነፃነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ በዓል የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ በሥራዎቿ የሰዎችን ፊት በነጭ፥ በሰማያዊና በቀይ ቀለም እየቀባች ታነሣለች፤ ተመልካቹም ይህ የሐሳብ ሥራ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ግን ምስክር ነው፤ ምስክርም ያየውን እንጂ የተመኘውን አይናገርም።

ስለ ማተምና ስለ ማስቀመጥ

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ መርሐ ግብሮች ብዙ ናቸው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ላይትሩም በገንዘብ የሚገዛ ሲሆን፥ ዳርክቴብልና ራውቴራፒ የተባሉት ግን ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ሁሉም ጥሬውን ሥዕል አይነኩትም፤ የተደረገውን ለውጥ እንደ ትእዛዝ ለብቻው ይጽፋሉ እንጂ። ስለዚህ የተሳሳተ ሰው ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ይችላል።

የኮምፒዩተሩ መስኮት ከራሱ ብርሃን ስለሚያፈልቅ፥ ወረቀት ግን የሌላውን ብርሃን ስለሚመልስ፥ የታተመው ከታየው ይጨልማል። በሌሊት በጨለማ ክፍል መስኮቱን አብርቶ የሚሠራ ሰው በዚህ ይታለላል። ትልቁ ከመታተሙ በፊት ትንሽ ናሙና አሳትሞ በቀን ብርሃን በደጅ ማየት ወጪንም ኀዘንንም ያድናል። ከሁሉ በላይ ግን ሰውየውን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት አጠገብ ይቀመጡ፤ ከመለኪያ መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው የእነርሱ ዐይን ነው። ፎቶ ቤት የሚልኩም ቢሆኑ፥ «አጥሩት እንጂ አታንጡት፤ ቆዳውንም አታለስልሱት» ብለው በግልጽ ይዘዙ።

እኛም እንዲሁ አደረግን። የአክስቴ ታላቅ ወንድም በወንድሜ ልጅ አጠገብ ተቀምጠው፥ «ትንሽ ጠቆር አድርገው፤ አሁን አበዛኸው፤ መልሰው» እያሉ ሲመሩት አመሹ። ናሙናው ታትሞ በመጣ ጊዜ ወደ ደጅ ይዘውት ወጡ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «አዎን፤ ይህች እርሷ ናት» አሉ። ሥዕሉ ዛሬ በአማኑኤል ባለው ቤታቸው በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ነጠላውም ከነጥለቱ፥ ፊታቸውም ከነጠይምነቱ በስፍራው ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ አሮጊቶቻችሁና ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት ሳሉ በመልካም ብርሃን አንሡአቸው፤ ካሜራችሁ የሚችል ከሆነ በጥሬው አስቀምጡት፤ ጥሬውንም በሁለት ስፍራ ለይታችሁ ጠብቁት። ማተም ለነገም ይደርሳል፤ የሄደውን ሰው ግን ሁለተኛ ማንሣት አይቻልም።